የሥዕል ንቅናቄዎችን ከቀለሙና ከሸራው ተነስቶ ማስተማር፦ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ (መምህርት)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥዕልን ከዜሮ ለሚጀምሩ አዋቂዎች የስምንት ሳምንት መግቢያ እያዘጋጀሁ ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ህዳሴ፣ ባሮክ፣ ኢምፕሬሽኒዝም፣ ኩቢዝም እያለ በሚወርድ የስም ዝርዝር ነው። ተማሪው ስሙንና ዓመቱን ይሸመድዳል፤ ሥዕሉ ፊት ሲቆም ግን ምኑን እንደሚያይ አያውቅም። ስለዚህ ከቁሳቁሱ ተነስቼ ወደ ንቅናቄው መሄድ ፈለግሁ፤ ቀለሙ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ሠዓሊውስ ለምን እንዲያ ሣለ?

እውቀት ያላችሁ በእነዚህ ላይ ብታግዙኝ፦ ለዘይት ቀለም ሸራ በትክክል የሚዘጋጀው እንዴት ነው? ሥዕሉ ከዓመት በኋላ የሚሰነጠቀውስ ለምንድን ነው? በእንቁላል አስኳል የሚሠራውን ቴምፐራ ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል? ከእደ ጥበብ አንድ ነገር ልጨምር ብል ከሥዕሉ ጋር የሚገናኘው የትኛው ነው? በመጨረሻው ሳምንት ሙዚየም እንሄዳለን፤ እዚያ ምን እንዲያዩ ልንገራቸው?

መልስ (ሸራ ወጣሪ)

ሰላም መምህርት። ከሸራው ልጀምር፤ የብዙ ሥዕል ሕመም የሚነሳው ከዚያ ነውና።

ተማሪዎችዎ መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዙ። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደለም የሚደርቀው። የተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይለወጣል። ላዩ በቀናት ውስጥ እጅ ላይ ባይያዝም ውስጡ ለወራት ይሠራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐቅ የሚመጣ ነው።

ዘይቱ ሲያረጅ አሲድነት ስላለው ጥጡን ወይም ተልባ እግሩን እየበላ ያደርቀዋል። ስለዚህ ጨርቁና ቀለሙ እንዳይገናኙ መጀመሪያ የሚለያቸው ስስ ሽፋን ይቀባል። ከዚያ በላይ ነው ቀለሙን የሚይዘው ነጭ መደብ፣ ማለትም ጌሶ፣ የሚመጣው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።

የድሮው መለያ የእንስሳ ቆዳ ሙጫ ነበር፤ 70 ግራም ያህል ደረቅ ሙጫ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሌሊቱን ይዘፈዘፍና የፈላ ውሃ በያዘ ሌላ ድስት ላይ ተቀምጦ ይሞቃል። ከ60 ዲግሪ እንዳያልፍ፤ ከፈላ የመያዝ ኃይሉ ይጠፋል። ችግሩ ይህ ሙጫ ሁልጊዜ ከአየሩ እርጥበት ጋር ይጫወታል። አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቀለሙ ግን በዕድሜ እየደረቀ አብሮት መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ያኔ ይሰነጠቃል። ለጀማሪ የምመክረው አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ሰው ሠራሽ ማያያዣ) ነው፦ ሁለት እጅ ግልጽ አክሪሊክ ሚዲየም፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት እጅ አክሪሊክ ጌሶ። አንዱን እጅ በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም ይቀቡ። በየመካከሉ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ያሹት። ከመጨረሻው እጅ በኋላ ዘይት ለመቀባት ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ሦስት ቀን ይጠብቁ።

የግድግዳ ቀለምን በጌሶ ቦታ መጠቀም የተለመደ ነው፤ አይመከርም። በውስጡ ሙሌት ዱቄት ይበዛል፣ ማያያዣው ያንሳል። ግድግዳ ስለማይታጠፍ እዚያ ይቆያል፤ ሸራ ላይ ግን ይፈረፈራል። ተራው የእንጨት ነጭ ኮላም ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል፣ እርጥበትም ሲነካው ይለሰልሳል።

ሲወጥሩ ደግሞ ከማዕዘን አይጀምሩ። መጀመሪያ የአራቱን ጎን መሐል ይምቱ፣ ተቃራኒ ለተቃራኒ። ከዚያ በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ወደ ማዕዘኖቹ እየሄዱ ይጨርሱ። ሸራ ከመዘርጋትዎ በፊት የፍሬሙን ሁለት ሰያፍ መስመር፣ ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን፣ በሜትር ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ጠማማ ነው፣ ሸራውም በኋላ ይሸበሸባል።

አሁን ወደ ስንጥቁ። ሕጉ አጭር ነው፦ ላይኛው እጅ ከታችኛው የበለጠ ዘይት ይኑረው። ዘይት የበዛበት ዝግ ብሎ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ይለጠጣል። ዘይት ያነሰበት ቶሎ ደርቆ ይጠነክራል። ቶሎ የሚደርቀውን ገና በሚንቀሳቀሰው ላይ ከቀቡት፣ ታችኛው ሲንቀሳቀስ ላይኛው ይገነጠላል። በተግባር፦ የመጀመሪያው እጅ በጥቂት ተርፐንታይን የቀጠነ፣ መካከለኛው ከቱቦ እንደወጣ፣ የመጨረሻው ጥቂት የተልባ ዘይት የተጨመረበት። የሚጨመረው ዘይት ወይም ሚዲየም ከቀለሙ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ቀለሙ ይሸበሸባል፣ ቢጫም ይሆናል። ተርፐንታይን ሲበዛ ደግሞ ማያያዣው ያልቅና ቀለሙ ሲነኩት እንደ ዱቄት ይለቃል።

ቀለሞቹ ራሳቸው እኩል አይደርቁም። አምበር የተባለው ቡኒ ማንጋኒዝ ስላለበት በአንድ ሁለት ቀን ይደርቃል። ከአጥንት የሚሠራው ጥቁር ግን ብዙ ዘይት ይጠጣል፣ ይዘገያልም፤ በወፍራሙ ከታች አይቀመጥ። ነጭን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፦ የዚንክ ነጭ ቀለም በዘይት ውስጥ በዓመታት ይሰባበራል፣ ከበላዩ ያለውንም ይዞ ይላቀቃል። ቱቦው ላይ ያለውን የቀለም ኮድ ያንብቡ። ፒ ደብሊው 6 ቲታኒየም ነው፣ ፒ ደብሊው 4 ዚንክ። "ቲታኒየም" ተብሎ የሚሸጥ ቱቦ ሁለቱም ኮዶች ሊኖሩበት ይችላል፤ ለመደብና ለወፍራም ቅብ ፒ ደብሊው 6 ብቻ ያለውን ይምረጡ።

ተማሪ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ሌላው ጥያቄ፦ ዘይት በደረቀ አክሪሊክ ላይ ይሄዳል፣ አክሪሊክ በዘይት ላይ አይሄድም። ቀለሙ ቦታ ቦታ ላይ ደብዝዞ ከታየ ደግሞ አልተበላሸም፤ መደቡ ዘይቱን መጥጦታል። ሲደርቅ ጥቂት የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገው ይሹትና ትርፉን ሁሉ ይጥረጉ። ቫርኒሹ፣ ማለትም የመጨረሻው መከላከያ ሽፋን፣ ከ6 እስከ 12 ወር ይጠብቅ። ከዚያ በፊት ጥጥ በማዕድን ቀላጭ ነክረው አንድ ጥግ ላይ ይሞክሩ፤ ቀለም ከያዘ ጊዜው አልደረሰም።

መልስ (አስኳል)

ቴምፐራ ክፍል ውስጥ በደንብ ይሠራል፤ እንዲያውም ለጀማሪ ከዘይት ቀድሞ ቢመጣ እመርጣለሁ። ቀለም የሚባለው ነገር ዱቄትና ማያያዣ መሆኑን ተማሪው በገዛ እጁ ያየዋል። ያው ዱቄት በአስኳል ቢታሽ ቴምፐራ፣ በተልባ ዘይት ቢታሽ የዘይት ቀለም፣ በግራር ሙጫ ቢታሽ የውሃ ቀለም ይሆናል። ይህን አንድ ሰዓት ያሳዩአቸው፣ የቀረው ትምህርት ይቀላል።

ሸራ ላይ አይሁን፤ ቴምፐራ ስለማይታጠፍ ጠንካራ ሰሌዳ ይፈልጋል። ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያለው ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ሙጫውን በፊቱም በጀርባውም ይቀቡ፤ አንዱ ጎን ብቻ ከተቀባ ይቆለመማል። መደቡ አክሪሊክ ጌሶ መሆን የለበትም። አክሪሊክ እንደ ላስቲክ የተዘጋ ስለሆነ ቴምፐራው አይገባበትም፣ በጥፍር ሲቧጨር ይለቃል። እዚህ የሚፈለገው የድሮው ጌሶ ነው፦ ከላይ ሸራ ወጣሪ ያለው የቆዳ ሙጫና የተፈጨ ነጭ ኖራ ድንጋይ ዱቄት። ለሰሌዳ ሙጫው ጠንከር ይበል፤ ከ80 እስከ 100 ግራም በሊትር። ለአንድ ስፍር ሙቅ ሙጫ አንድ ተኩል ስፍር ዱቄት፣ ቀስ ብሎ እየተበተነ። በኃይል አያማስሉት፤ አረፋ ከገባ ሲደርቅ ላዩ በመርፌ የተወጋ ይመስላል። የመጀመሪያውን እጅ በጣትዎ እያሹ ያስገቡት፣ ከዚያ ከ6 እስከ 8 እጅ በአንድ ቀን ይቅቡ፣ የእያንዳንዱ እርጥብ ብልጭታ ሲጠፋ ቀጣዩን። የላይኛው እጅ ሙጫ ከታችኛው እንዳይበረታ ይጠንቀቁ፤ ከበረታ ሲኮማተር መደቡን ይሰነጥቀዋል። ድስቱ ሲሞቅ ውሃው ስለሚተን ሙጫው ሳያስቡት ይበረታል፤ በየጊዜው ጥቂት ሙቅ ውሃ ይመልሱለት።

አስኳሉ፦ ነጩን ይለዩ፣ አስኳሉን በደረቅ ወረቀት ላይ ቀስ ብለው እያንከባለሉ ያድርቁት። ከዚያ በሁለት ጣት ሽፋኑን ይያዙና በብርጭቆ ላይ አንጠልጥለው በመርፌ ይብሱት። ፈሳሹ ይወርዳል፣ ሽፋኑ እጅዎ ላይ ይቀራል። ሽፋኑ ወይም ነጩ ከገባ ቀለሙ ይጓጉላል፣ ቡሩሹንም ያሰራል። አስኳሉን እኩል በሚሆን ውሃ ያቅጥኑት። የቀለም ዱቄቱን ለብቻው በውሃ አሽተው እንደ ጥርስ ሳሙና ያድርጉት፤ ከዚያ አንድ ለአንድ ከአስኳሉ ጋር ያዋህዱ።

መጠኑ ትክክል መሆኑን የሚያሳየው ፈተና ይህ ነው፦ በመስታወት ቁራጭ ላይ ይቅቡ፣ ሲደርቅ በምላጭ ያንሱት። እንደ ስስ ቆዳ ተጠቅልሎ ከተነሳ ደህና ነው። ዱቄት ሆኖ ከወጣ አስኳል ይጎድለዋል። ቅባት መስሎ ካበራና ከተጣበቀ አስኳሉ በዝቷል። ይህን ፈተና ለእያንዳንዱ ቀለም ያድርጉ፤ ኦከር የተባለው ቢጫ የአፈር ቀለም የሚፈልገውና ሰማያዊው የሚፈልገው አንድ አይደለም።

አስኳሉ እንዳይበላሽ አንዳንዶች ኮምጣጤ ጠብ ያደርጉበታል። አልትራማሪን ሰማያዊ ካለ ይተዉት፤ አሲድ ቀለሙን ያጠፋዋል። በማቀዝቀዣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ትኩሱ ግን ይሻላል። የአስኳሉ ቢጫነት ለሰማያዊ ያሳስባል፤ አያስፈራም፣ በብርሃን ይጠፋል።

ሲቀቡ ቡሩሹን ጨምቀው ቀጭን መስመር በመስመር ጎን ያስቀምጡ። በሰከንዶች ስለሚደርቅ እንደ ዘይት ማዋሃድ አይቻልም። አንዱን ቦታ ደጋግመው ካሹት ከታች ያለውን ያነሳዋል። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የነበሩት የጣሊያን የእንጨት ሥዕሎች ፊትና ልብስ በጥቃቅን መስመር የተሞላው ለዚህ ነው። ተማሪው አንድ ጉንጭ በዚህ መንገድ ለማጥቆር ግማሽ ሰዓት ሲፈጅበት፣ ዘይት ሲመጣ ምን እንደተለወጠ ያለ ንግግር ይገባዋል።

ለጀማሪ የመሬት ቀለሞችን ብቻ ይስጡ፦ ኦከር፣ ሲየና፣ አምበር፣ ጥቁር፣ ቲታኒየም ነጭ። የካድሚየምና የእርሳስ ዱቄት ክፍል ውስጥ አይግባ። የማያስፈራው ዱቄትም ቢሆን ሲመዘን ማስክ ይደረግ።

መልስ (ነጠብጣብ)

የንቅናቄውን በኩል ልያዝ። መምህርት፣ መንገድዎ ትክክል ነው፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ቁሳቁስ ብቻውን ንቅናቄ አይወልድም። በር ይከፍታል፣ የሚገባው ሠዓሊው ነው። ያን ካልነገሯቸው ኢምፕሬሽኒዝም የተፈጠረው በቱቦ ነው ብለው ይሄዳሉ።

ዘይትን ያን ቫን ኤይክ ፈጠረው ሲባል ይሰማል፤ ከእሱ በፊት ይታወቅ ነበር። እሱና በዘመኑ የነበሩት የፍላንደርስ ሠዓሊዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያደረጉት፣ ስስና አሳላፊ እጅ በእጅ ላይ በመደራረብ ብርሃኑ ከነጭ መደቡ ተመልሶ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ቬኒስ ውስጥ ደግሞ የባሕሩ እርጥበት የግድግዳ ሥዕልን ያጠፋ ስለነበር ሠዓሊዎቹ ወደ ሸራ ዞሩ፤ የመርከብ ሸራ የሚሠራባት ከተማ ናትና ጨርቁ አልጠፋም። የሸራው ሻካራነት ቡሩሹን ይይዘዋል፤ በቬኒሱ ሠዓሊ በቲሺያን የመጨረሻ ዘመን ሥራዎች የቡሩሹ ጉዞ ራሱ ይታያል።

ግድግዳ ላይ ሲሆን ፍሬስኮ አለ። ቀለሙ በውሃ ብቻ ተበጥብጦ በእርጥብ ኖራ ልስን ላይ ይቀባል፤ ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ወደ ድንጋይ ሲለወጥ ቀለሙን አብሮ ያስረዋል። ስለዚህ በአንድ ቀን መጨረስ የሚቻለው ያህል ብቻ ይለሰናል። ሚኬላንጄሎ የሲስቲን ጸሎት ቤትን ጣሪያ ከ1508 እስከ 1512 የሣለው እንዲህ ነው። ሊዮናርዶ ግን በሚላን የመጨረሻውን እራት ሲሥል ቀስ ብሎ ማሻሻል ስለፈለገ በደረቅ ግድግዳ ላይ ሠራ፤ ገና በአሥርት ዓመታት ውስጥ መላጥ ጀመረ። እነዚህን ሁለት ጎን ለጎን ያሳዩ።

ወደ ኢምፕሬሽኒዝም። ቀለም በአሳማ ፊኛ ተቋጥሮ ይያዝ ነበር፤ ሲበሳ ይደርቃል፣ ይፈሳል። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ በ1841 የሚታጠፍ የቆርቆሮ ቱቦ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ቀለሙን ይዞ ወጥቶ ደጅ መሣል ቀለለ። በዚያው ክፍለ ዘመን የኮባልት ሰማያዊ፣ ሰው ሠራሽ አልትራማሪን፣ የክሮም ቢጫና ቪሪዲያን አረንጓዴ መጡ። ከዚያ በፊት እውነተኛው አልትራማሪን ከላፒስ ላዙሊ ድንጋይ፣ ከአፍጋኒስታን የሚመጣ፣ እጅግ ውድ ቀለም ነበር። ቡሩሹም ተለውጧል፤ የብረት ማሠሪያ ጠፍጣፋ ቡሩሽ እንዲሠራ አስቻለ፣ ያ ደግሞ አራት ማዕዘን የሚመስለውን የሞኔን ምት ሰጠ። የኢምፕሬሽኒስቶቹ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽን ፓሪስ ውስጥ በ1874 ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አጠር ላድርገው። ሱራ ቀለምን በነጥብ ለያይቶ ተመልካቹ ዓይን ውስጥ እንዲቀላቀል አደረገ። በትልቁ ሥራው፣ ዛሬ ቺካጎ ባለው፣ የተጠቀመው የዚንክ ቢጫ ብዙም ሳይቆይ ቡኒ ሆነበት። ኩቢዝም ቀለሙን ወደ ቡኒና ግራጫ ሰብስቦ ቅርጹን በተነ፤ በ1912 ፒካሶ የወንበር ገመድ ሽመና የታተመበት የፕላስቲክ ጨርቅ የሚመስል ዘይት የተቀባ ጨርቅ ሸራው ላይ ለጠፈና እውነተኛ ገመድ ዙሪያውን አሰረበት። ፖሎክ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሸራውን ወለል ላይ ዘርግቶ የቤት ኢናሜል ቀለም አፈሰሰ፤ የዘይት ቱቦ ቀለም እንዲያ ሳይቆረጥ አይወርድም። ሄለን ፍራንከንታለር በ1952 ዘይትን በተርፐንታይን አቅጥና ምንም መደብ በሌለው ሸራ ላይ አጠጣችው፤ በቀለሞቹ ዙሪያ የሚታየው የዘይት ጥላ ከዚያ የመጣ ነው። ሸራ ወጣሪ ዘይት ጨርቅ ይበላል ያለውን እዚህ ጋር ያያይዙት። በ1950ዎቹ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ሲመጣ ያን ሥራ ጨርቁን ሳይጎዱ መሥራት ተቻለ።

ለክፍል ልምምድ፦ አንድ ነጭ ኩባያ ሁለት ጊዜ ይሥሉ። አንዴ መጀመሪያ በግራጫ ሙሉ ጥላና ብርሃኑን ጨርሰው፣ ሲደርቅ በስስ አሳላፊ ቀለም ይሸፍኑት። አንዴ ደግሞ በአንድ ቁጭታ፣ በ40 ደቂቃ፣ በጠፍጣፋ ቡሩሽ፣ ጥቁር ቀለም ሳይኖር። ሁለቱን ግድግዳ ላይ ሲሰቅሏቸው የአራት መቶ ዓመት ልዩነት ይታያል።

መልስ (ቀለም ነካሪ)

ከእደ ጥበብ ለጠየቁት፦ ክር ማቅለም። ከሥዕል ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ስለሆነ ነው። የክር ማቅለሚያ በውሃ ይሟሟል፣ የሥዕል ዱቄት ግን አይሟሟም። የሚሟሟውን ወደማይሟሟ ዱቄት መለወጥ ይቻላል፤ ብዙ የድሮ ቀይ ቀለሞች እንዲህ የተሠሩ ናቸው።

ለ100 ግራም ደረቅ የበግ ሱፍ ክር 15 ግራም አሉም ይመዝኑ። አሉሙን በሙቅ ውሃ ያሟሙ፣ ክሩን አስቀድመው ቢያንስ አንድ ሰዓት ለብ ባለ ውሃ ነክረው ያስገቡ፣ ቀስ ብለው ወደ 80 ዲግሪ አድርሰው አንድ ሰዓት ያቆዩ። አሉሙ ክሩንና ቀለሙን የሚያስተሳስር ነው፤ ያለ እሱ ቀለሙ በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል። ከዚያ ማደር ከተባለው ቀይ ቀለም የሚሰጥ ተክል ሥር ከተዘጋጀ ውሃ ውስጥ ያስገቡ። እዚህ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ አይለፍ፤ ካለፈ ከሥሩ ውስጥ ቡኒው ይወጣና ቀዩን ያደበዝዘዋል። ክሩን አያማስሉ፣ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ውሃም በድንገት አያዛውሩ፤ ሱፉ ይጣበቃል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ጥጥ ከሆነ ይህ መንገድ አይበቃም፤ አሉሙ ብቻውን ጥጥን በደንብ ስለማይይዝ በፊት ታኒን ያስፈልገዋል። ለመጀመሪያ ትምህርት ሱፍ ይምረጡ።

የተረፈውን ቀይ ውሃ አይድፉት። በጨርቅ ያጥሩት፣ አሉም ያሟሙበት፣ ከዚያ በሌላ ዕቃ የሟሟ ሶዲየም ካርቦኔት ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። አረፋው በኃይል ይነሳል፣ ስለዚህ ዕቃው ከሩብ በላይ አይሞላ። አረፋው ሲበርድ ቀዩ ዱቄት ወደ ታች ይዘቅጣል። ላዩ ውሃ ጥርት ሲል ይቅዱት፣ በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ያጥቡት፣ በወረቀት ማጥሪያ ያድርቁት። ይህን ዱቄት አስኳል እንዳስተማረው በአስኳል አሽተው ይጠቀሙበት።

ድክመቱ ብርሃን ነው። ቫን ጎህ በ1888 የሣለው መኝታ ቤት ግድግዳ ዛሬ ሰማያዊ ይመስላል፤ ሲሣል ሐምራዊ ነበር። የገባበት ቀይ በብርሃን ጠፋና ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። የሠሩትን ቀይ በወረቀት ቀብተው ግማሹን በካርቶን ይሸፍኑና መስኮት ላይ ይለጥፉ። ስምንት ሳምንት ልዩነቱን ለማየት ይበቃ ይሆናል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀምሩት። ከጎኑ ኦከር ይቀቡ፤ እሱ አይነቃነቅም።

ጠያቂዋ (መምህርት)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። የመስኮቱን ፈተና ከመጀመሪያው ቀን አስገባዋለሁ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ክፍሉ ትልቅ አይደለም፣ መስኮቱም ሁለት ብቻ ነው፤ ተርፐንታይን ይከብድ ይሆን? የሙዚየሙን ነገርስ?

መልስ (ሸራ ወጣሪ)

በእንዲህ ያለ ክፍል ተርፐንታይን ይተዉት። የመጀመሪያውን እጅ ሳያቀጥኑ፣ ቀለሙን በደረቅ ቡሩሽ ስስ አድርጎ በማሸት መሥራት ይቻላል። ቡሩሹን በጨርቅ በደንብ ይጥረጉ፣ በጥቂት የምግብ ዘይት ያሹት፣ እንደገና ይጥረጉ፣ ከዚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አረፋው ነጭ እስኪሆን ይጠቡ። የምግብ ዘይቱ ስለማይደርቅ ቡሩሹ ላይ ቀርቶ ወደ ሥዕሉ እንዳይገባ ሳሙናው የግድ ነው።

አንድ ከባድ አደጋ ግን አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ቅርጫት ውስጥ ተከምሮ ካደረ ያለ ማንም ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይሰጣል፤ በክምሩ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ጨርቁን አንድ በአንድ ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ያስገቡ። ይህ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይሰቀል።

መልስ (ሉክስ)

ስለ ሙዚየሙ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሥዕሉን መግለጫ ካርድ ሳያነቡ ሦስት ደቂቃ ይቁሙ፣ ከዚያ የቁሳቁሱን መስመር ብቻ ያንብቡ፦ "ቴምፐራ በእንጨት"፣ "ዘይት በሸራ"፣ "አክሪሊክ በሸራ"። ስሙንና ንቅናቄውን በመጨረሻ። ያኔ ስሙ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

ከፊት ብቻ አይዩት። ከጎን ጠጋ ብለው ብርሃኑ ላዩን ሲገርፈው የቀለሙ ውፍረት፣ የሸራው ሽመና፣ ከታች የተሸፈነ ሌላ ቅርጽ ካለም ይወጣል። ቀጥሎ ጠርዙን ይዩ፤ ሠዓሊዎች ዳር ድረስ ብዙ ጊዜ ስለማይሸፍኑ የመደቡ ቀለም እዚያ ይታያል። ቡኒ መደብ ከሆነ ጥላው ከታች የተተወ ነው፣ ነጭ ከሆነ ብርሃኑ። ከዚያ ስንጥቁ። በእንጨት ላይ ስንጥቁ የእንጨቱን ጭረት ይከተላል፣ በሸራ ላይ እንደ መረብ ወይም እንደ ሸረሪት ድር ክብ ይሠራል። መደቡን ያልነካ ሰፊ ክፍተት፣ ጠርዙ የተንከባለለ ከሆነ ግን ዕድሜ አይደለም፤ ሠዓሊው ቶሎ የሚደርቀውን በዘገየው ላይ የቀባበት ቦታ ነው። ሸራ ወጣሪ ያለውን ሕግ በታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራም ላይ ሲጣስ ያገኙታል።

የወረቀት ሥራዎች ክፍል ጨለም ያለ ነው፤ ተማሪዎች ያማርራሉ። የውሃ ቀለም፣ ስዕለ ንድፍና ጨርቃ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ በ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አካባቢ ነው የሚታዩት፣ የዘይት ሥዕል እስከ 200 ሉክስ ይፈቀድለታል። የብርሃን ጉዳት ይደመራል እንጂ አይመለስም፤ በ100 ሉክስ አንድ ወር የታየ ሥራ በ50 ሉክስ ሁለት ወር እንደታየ ይቆጠራል። ስለዚህ የወረቀት ሥራ ለጥቂት ወራት ታይቶ ወደ ጨለማ ማከማቻ ይመለሳል። ዓይን ለመልመድ አምስት ደቂቃ ስለሚፈልግ ከደማቁ አዳራሽ በቀጥታ አያስገቧቸው፤ መተላለፊያው ላይ ይቁሙ። የቀለም ነካሪን የመስኮት ወረቀት ይዘው ቢሄዱ እዚያ በር ላይ ያውጡት።

እርጥበትም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ከ40 እስከ 60 በመቶ ውስጥ ይሁን ይባላል፣ ዋናው ግን አለመዋዠቁ ነው። ሸራ፣ እንጨት፣ ሙጫና ቀለም ለእርጥበት የሚሰጡት ምላሽ እኩል ስላልሆነ በአንድ ቀን ውስጥ ሲወርድና ሲወጣ ይጎተታሉ። አምስተርዳም የሚገኘው ሬይክስሙዚየም በ2019 የሬምብራንትን የሌሊት ዘብ፣ የ1642 ሥራ፣ ሕዝብ እያየ በመስታወት ክፍል ውስጥ መመርመር የጀመረው ይህን መሰል ሥራ ለሰው ለማሳየት ነው። ቀረጻዎቹ በሙዚየሙ ድረ ገጽ አሉ፤ ከጉብኝቱ በፊት ባለው ሳምንት ቢያሳዩአቸው ጥሩ ነው።

በተግባር፦ በቡድን አምስት ሰው፣ ለአንድ ቡድን ሦስት ሥዕል ብቻ፦ አንድ በእንጨት፣ አንድ በሸራ፣ አንድ በወረቀት። ብዕር አይያዝ፣ እርሳስ ብቻ። ከሥዕሉ አንድ ሜትር ይራቁ፤ ሲያመለክቱ በእጅ እንጂ በእርሳስ አይሁን። ለቀረበ እይታ ትንሽ ባለ ሁለት ዓይን አቅራቢ መነጽር (ባይኖኩላር)፣ በቅርብ ርቀት የሚያተኩረው ዓይነት፣ ከማጉያ ይሻላል፤ ማጉያ ሰውን ወደ ሸራው ይጎትታል።